በኢንጂነር ሜቶዲ ቤት የሚዘንበው ዝናብ

በቡልጋሪያዋ ፕሌቨን ከተማ፣ ሁሉን ነገር ካልለካ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ጡረተኛ የሌለበት የጋራ ሕንፃ የለም። የእኛ ድርሻ ክቡር ኢንጂነር ሜቶዲ ዳስካሎቭ ነበሩ። ዛሬ ቤታቸው ሌሎች ሰዎች ይኖሩበታል።

ልጃቸው የላከችላቸው የአየር ሁኔታ መለኪያ በረንዳቸው ላይ ነፋስና ዝናብ ሲመዘግብ ከረመ። አንድ ቀን ክቡርነታቸው የዝናብ መቁጠሪያውን ሽቦ ፈትተው ከመብራት ቆጣሪው ጋር አገናኙት። ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ባለች ቁጥር መሣሪያው ዝናብ ጠብ ያለ ይመስለዋል። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፣ የፈጁትን ሁሉ በሚሊሜትር ይነግራቸው ጀመር።

«ትናንት አሥራ አንድ ሚሊሜትር ዘነበብን» ይሉኛል ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ። «የዝላትካ ልብስ ማጠቢያ ነው።»

ባለቤታቸው እትዬ ዝላትካ ከውስጥ ሆነው «እንግዲያው ጃንጥላ ይዘህ ግባ» ይላሉ።

ካውያ ካፊያ ነበር፤ ምድጃ ዶፍ። እኔ ጎረቤታቸው ሻይ ሳፈላ እንኳ በግድግዳው በኩል ሰምተው «አንተም ጋ ጀመረ» ይሉኛል።

መስከረም ሲመጣ ግን ጦርነት ነው። በመስከረም እኛ ዘንድ ሴቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ትልልቅ ቀያይ ቃሪያ በኤሌክትሪክ መጥበሻ እየጠበሰ፣ እየላጠ፣ ለብርዱ ወራት በጠርሙስ ያሽጋል። የኢንጂነሩ መሣሪያ የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል።

«ሌሊት ጥበሺ፤ ሌሊት የመብራት ዋጋው ይቀንሳል» ይላሉ ክቡርነታቸው።

«ሌሊት ከማን ጋር ላወራ? ካንተ ጋር?»

በየበረንዳው ያለው ሁሉ ይስቃል።

አንድ መስከረም እትዬ ዝላትካ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስለ ዳሌያቸው ትንፍሽ አይሉም። «ቃሪያው ከገበያ ሊጠፋ ነው፤ ዘንድሮ ባዶ መደርደሪያ ልናይ ነው» እያሉ ያለቅሳሉ። በማግስቱ ክቡርነታቸውን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው «ምንም አልዘነበም» አሉኝ። ሻይ እንኳ እንዳላፈሉ ገባኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ግድግዳውን አልፎ መጣ። ስሄድ ኢንጂነሩ የሚስታቸውን ሽርጥ ታጥቀው፣ ጣታቸው ተለብልቦ፣ በቃሪያ ጆንያ ተከበው ቆመዋል። መስኮቱ ላይ ከተቀመጠው ስልክ የእትዬ ዝላትካ ድምፅ ይወጣል።

«ገልብጠው አንተ ሰውዬ፤ ማረሩ እዚህ ድረስ ሸተተኝ።»

«ጋሽ ሜቶዲ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «በጠራራ ፀሐይ? ዋጋው ሙሉ ነው እኮ።»

«ሌሊትማ እሷ ትተኛለች» አሉና ቢላዋ ሰጡኝ። «ቁጭ በልና ላጥ።»

ግማሹ አረረ። እትዬ ዝላትካ ከሆስፒታል ወጥተው ያንን ቃሪያ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያሙት ከረሙ። ግን አንዲት ጠርሙስ እንኳ ለማንም አልሰጡም፤ እኔም ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ።