የቱላ ጳጉሜ የት ገባች?

ሰው የናፈቀውን ለማየት የማይፈጥረው ሰበብ የለም። አንዱ መጽሐፍ ይዋሳል፤ አንዱ ጃንጥላውን አውቆ ረስቶ ይሄዳል። እኔ ግን፣ አያድርስ ነው፣ የቱላን ዝናብ ሰርቄያለሁ።

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ የዝናብ መዝገብ ሠራተኛ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር መጣ። ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ መጋረጃ አሰፉለት፤ እኛ ስድስት ሰዎች በአንድ ክፍል ተፋፍገን እሱ ለብቻው ክፍል ተሰጠው። የእኔ ሥራ የየወሩን ዝናብ ሰንጠረዡ ላይ መሙላት ነው። ቀመሩን አንዴ ከጻፉለት፣ የዘንድሮውን ደምሮ ካምናው ጋር ያስተያይና ልዩነቱን ቁጭ ያደርገዋል።

ቀመሩ ከአዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ላይ ዝናቡ ክፉኛ ቀንሷል አለ። ጓድ ታደሰ ደግሞ ዝናቡ አልቀነሰም፣ የዚያ ጣቢያ ዝናብ ለኪዋ ተኝታ ነው አሉ። ቀርባ እንድታስረዳ፣ ካላስረዳች እንደምትባረር ደብዳቤ አስጻፉኝ።

ለኪዋ ማርታ ነበረች። በወር አንድ ቀን ቅጽ ስታመጣ አያታለሁ፤ የቀረውን ሃያ ዘጠኝ ቀን እናፍቃታለሁ። ደብዳቤውን እየከፋኝ ጻፍኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ግማሹ ልቤ ግን «ልትመጣ ነው» ብሎ ይዘል ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ምን ይሉታል?

መጣች። ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላለች፣ ራሷ ግን በስብሳለች። ጣቷን ሰንጠረዡ ላይ እያስኬደች ነሐሴ ጋ ስትደርስ ቆመችና፣ «ጳጉሜዬን የት አደረስካት?» አለችኝ።

ጉድ ፈላ! ሰንጠረዡ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ያለው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ። የአምናውን ስሞላ ጳጉሜን ነሐሴ ላይ ደምሬያት ነበር፤ የዘንድሮውን ስሞላ የቱላዋን ረሳኋት። በልጅነቴ እናቴ ራቁቴን የምታቆምበትን የሩፋኤልን ዝናብ እኔው ልርሳው? ማርታ ፕሮቴስታንት ናት፤ «እናንተ ትጠመቁበታላችሁ እንጂ የምለካውስ እኔ ነኝ» ብላ ሳቀችብኝ።

ጳጉሜን ስጨምር ልዩነቱ ጠፋ። ጓድ ታደሰ ማርታን ይቅርታ ላለመጠየቅ ኮምፒውተሩን ገሠጹት። እሷም ደብተሯን እየጠቀለለች፣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ፣ ሌላ የጎደለ ነገር አለ ወይ አለችኝ። እኔ ጅሉ ሰንጠረዡን አየሁና፣ «የለም፣ ሁሉም ሞልቷል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቅጹን በሰው ትልክ ጀመር። አቤት ናፍቆት! የእጅ ጽሑፏን እያየሁ ዓመቱን ሙሉ ራሴን ስረግም ከረምኩ። በዓመቱ ግን ጳጉሜን አውቄ አስቀረኋትና ለኪዋ ቀርባ ታስረዳ የሚል ደብዳቤ በደስታ ጻፍኩ። ጓድ ታደሰም ሳያነቡ ፈረሙልኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀጉሬን አበጥሬ ስጠብቅ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጺማም ሰውዬ! ለካ ማርታ ሰሞኑን አግብታ ዲላ ገብታለች፣ እሱ በቦታዋ ተተክቷል። ከዚያ ወፍራም ጣቱን ነሐሴ ላይ አሳረፈና፣

«ጳጉሜዬን የት አደረስካት?» አለኝ።