ዋና ተመራማሪ ሰርካለምና የአያ ባየልኝ ሂላዎች

የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በቤተ መጻሕፍታቸው፣ በውሃቸውና በምግብ ቤታቸው ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ሁሉም አንድ ናቸው። የውስጥ የምርምር ድጋፍ ጥሪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት፣ ሌላው መምህር ገና መነጽሩን ሲፈልግ፣ የጥናት ዕቅዱን አሳትሞና አስጠርዞ የሚያስረክብ አንድ ሰው በየግቢው አይጠፋም። ይህ ሰው ዓለምን እንደ እኛ አያያትም። እኛ ዝናብ ሲመጣ እንጠለላለን፤ እሱ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ናሙና ይወስዳል።

የእኛ የቆላ ካምፓስ ሰው ሴት ናት። ክብርት ዋና ተመራማሪ፣ የእጽዋት ሳይንስ መምህርት ሰርካለም ዘሩ። ከአፏ የማይጠፋ አንድ አባባል አላት፦ «ይሄ እኮ ጥናት ይወጣዋል!» የመተማ ዮሐንስ ባጃጅ ነጂዎች ከዚህ የተነሳ ስሟን ትተው «ጥናት» ይሏታል። «ጥናት መጣች፣ ወደፊት ጠጋ በሉ» ሲባል የሰማ እንግዳ ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

አንድ ቀን በመሐመድ ባጃጅ ተሳፍረን ወደ ካምፓስ ስንሄድ፣ መሐመድ እርጥብ ጆንያ ከጀርባው ሰቅሎ አየች። ሙቀቱ የሚያዝያ ነው፤ የባጃጁ ብረት አይነካም።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አቁም! ጆንያው የቃጫ ነው የፕላስቲክ?»

«የቃጫ ነው፣ እትዬ።»

«የፕላስቲኩንስ ሞክረኸዋል? የትኛው ይበልጥ ያቀዘቅዛል?»

«እትዬ፣ እኔ እንዳልጠበስ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ይሄ እኮ ጥናት ይወጣዋል!» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። መሐመድ በመስታወቱ አየኝ። አስተያየቱ የሐዘን ነበር።

በአንድ ተዝካር ላይም ከድንኳኑ ጀርባ አጥተን ስንፈልጋት፣ ከጠላ ጠማቂዎቹ ጋር ቁጢጥ ብላ የደጋ ጌሾና የቆላ ጌሾ በሙቀት ስንት ቀን እንደሚቆዩ ስትጠይቅ አገኘናት። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ እርስ በርስ ተከራከሩ። ስንወጣ ከሁሉም ስልክ ተቀብላ ነበር።

እኔ የአማርኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። ቢሆንም ስሜ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጎተራ ነቀዝ ጥናቶች ላይ በተባባሪ ተመራማሪነት ሰፍሯል። ለምን እኔን እንደመረጠች ስጠይቃት፣ «አንተ ለገበሬ ጥያቄ ስታዘጋጅ ጥያቄው ሰው የሚናገረው አማርኛ ይመስላል» አለችኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ይህን አስቀድመዋለሁ።

የመምህራን ሙያ ማሻሻያ ድጋፍ ያሸነፈች ዓመት ደግሞ ሁላችንም ተደስተን ነበር። በሌሎች ግቢዎች ይህ ድጋፍ የሚያልቀው ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል፣ በቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ነው። አንዳንዶቻችን የመዋኛ ልብስ አዘጋጅተን ነበር። ክብርት ዋና ተመራማሪ ሽንፋ ወሰደችን፤ ሰሊጥ ማሳ ውስጥ።

«የአዳራሽ ስም የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ምን ብዬ ልሙላው?» አለ የሒሳብ ሠራተኛው ባህሩ ደውሎ።

«ግራር ሥር በል።»

«ሰርካለም፣ ግራር ደረሰኝ አይሰጥም።»

የቆዳ ጫማ ያደረጉት መምህራን ዋልካው ውስጥ ሰምጠው ቀሩ። ግን ያን ጠዋት ገበሬን መልሱን አፉ ላይ ሳናስቀምጥ እንዴት እንደምንጠይቅ ተማርን። ከዚያ በፊት ስንሠራው የነበረው መጠየቅ ሳይሆን ማስፈረም እንደነበረም ገባን።

አሁን ወደ ሂላው ልምጣ።

ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ እየታሰረ ይቆምና እንዲደርቅ በክምር በክምር ይደገፋል፤ ይህ ነው ሂላ። ሲደርቅ ፍሬው ይከፈታል፤ ነፋስ ሲነካው ይረግፋል። ዋልካ መሬት ደግሞ በመከር ወቅት እንደ ተረከዝ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ የዋጠውን ሰሊጥ ማንም አያወጣውም። ሰርካለም ሂላው ሥር ሸራ ቢነጠፍ ስንት እንደሚተርፍ ልታጠና የዩኒቨርሲቲውን ድጋፍ አገኘች። ግማሹ ሂላ በሸራ ላይ፣ ግማሹ እንደ ወትሮው በባዶ መሬት ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ይነጻጸራል። ማሳውን የሰጡን የሽንፋው ገበሬ አያ ባየልኝ ናቸው።

ደንቡ ግልጽ ነው። በሁለት መኸር ውጤት ያላመጣ ጥናት ይዘጋል፤ የተዘጋበት ተመራማሪም ለረጅም ጊዜ አይወዳደርም። ከዚህ በላይ ደግሞ በዋናው ግቢ፣ «ቆላው ለማስተማር እንጂ ለምርምር አይሆንም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። የቆላው ምርምር ማለት ያኔ ሰርካለም ነበረች። እሷ ከወደቀች ወሬው እውነት ሊሆን ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የሸራው ግዥ በሥርዓቱ ተጀመረ፤ በሥርዓቱ ሄደ፤ በሥርዓቱም ጥር ላይ ተጠናቀቀ። ሸራዎቹ እጅግ ጥሩ ነበሩ። ሰሊጡ ግን ጥቅምት ላይ ታጭዶ ተሸጦ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግዥን አልጠበቀችም። ወደ ንብረት ክፍል ሄደች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ይችላል፤ ወረቀት፣ ጠመኔ፣ ውሃ። ባነር ግን አያልቅም። ለእያንዳንዱ ምረቃ፣ አውደ ጥናትና የእንግዳ አቀባበል አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ባነር ይታተማል፤ ሲያበቃ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ለከርሞው አዲስ ይታተማል።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉ ንብረት ጠባቂዋ ወይዘሮ ዙፋን።

«ወይዘሮ ዙፋን፣ ያለፈው ምረቃ ተመልሶ ይመጣል እንዴ?»

«ምን ሊመጣ! ልጆቹ አገር ጥለው ሄደው።»

«እንግዲያው ላንጥፈው።»

ወይዘሮ ዙፋን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቁልፉንም ሰጧት። «አጥበሽ ካልመለስሽ ግን አንቺን እዚህ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጥ!»

እንዲህ ሆኖ የአያ ባየልኝ ሰሊጥ «እንኳን ደስ ያላችሁ የዘንድሮ ተመራቂዎች» በሚል ጽሑፍ ላይ ቆመ። ከጎጃም የመጡት አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ዙሪያውን ቆሙ።

«ይሄ ሰሊጥ ሊመረቅ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ምን ይደረግ፣» አለ አለቃቸው ካቦው ፈጠን ብሎ፣ «የለፋነው እኛ፣ የሚመረቀው እሱ!»

ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰን ሄድን። ሰርካለም ከመኪናው ሳትወርድ ጮኸች። በባዶ መሬት ላይ ሊቆሙ የነበሩት ሂላዎች ሥር የጭነት መኪና ሸራ፣ አሮጌ ብርድ ልብስና አበባ ያለበት የመስኮት መጋረጃ ተነጥፏል።

«አያ ባየልኝ! ምን አደረጉኝ?»

«ምን አደረግሁሽ? አተረፍሁት እንጂ።»

«ይሄኛው በባዶ መሬት እንዲቆም ተስማምተን አልነበረም?»

«ተስማምተናል። ያኔ ግን አላየሁም። በባነሩ ላይ የረገፈውን ስመለከት፣ ያኛው ምን ያህል እየጠፋበት እንደሆነ ገባኝ። አይቼ ዝም ልበል? ስንት ወር አርሜው፣ ለስንጥቅ ልስጠው?»

«ሳይንስ እኮ ነው፣ አያ ባየልኝ!»

«ሳይንስሽ ተማም ነው፣ እጅግ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ። ተማም ባይሆን የእመቤትን መጋረጃ አወርድ ነበር?»

እመቤት ባለቤታቸው ናቸው። መጋረጃው መውረዱን ያን ጊዜ ገና አላወቁም ነበር።

ሰርካለም ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። የተናደደች መሰለኝ፤ ተናዳለችም። ግን ጎንበስ ብላ መጋረጃው ላይ የረገፈውን ሰሊጥ በእፍኟ ስታነሳ ፊቷን አየሁት። አንድ ሰው ሁለት ዓመት የደከመበት ነገር ዓይኑ እያየ ሲፈርስበት እንዲህ ያለ ፊት አይኖረውም። ከመንገዱ ማዶ፣ በጥናታችን ውስጥ ስማቸው የሌለ ገበሬዎችም ሸራ እየዘረጉ ነበር።

በዋናው ግቢ የግምገማው ቀን ደረሰ። አያ ባየልኝ «ባለድርሻ አካል» ተብለው ተጋብዘው፣ ጎረቤታቸውን አዛናውን አስከትለው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ዶክተር ፈረደ ሰነዱን ገለጡ።

«ማነጻጸሪያው የት አለ?»

«መጋረጃ ላይ ነው» አለች ሰርካለም።

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሁሉንም ሳትደብቅ ተናገረች። «ገበሬው ውጤቱን እኛ ሳናሳትመው ተጠቀመበት» ብላ ጨረሰች።

«ደስ ይላል። ግን ስንት እንደተረፈ ልትነግሪን አትችይም።»

«አልችልም።»

ዶክተር ፈረደ ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ ደንብ አክባሪ ናቸው። ከአጠገባቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያም አንድ መኸር ሊጨመር እንደሚችል፣ ነገር ግን ቢያንስ ሦስት ባለ ማሳዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሂላ በባዶ መሬት ለማቆም አሁኑኑ እዚሁ ቃል መግባት እንዳለባቸው፣ ያለዚያ ጥናቱ እንደሚዘጋ ተናገሩ።

ሁሉም ወደ አያ ባየልኝ ዞረ። ሽማግሌው ወደ ሰርካለም አዩ፤ ከዚያ ወደ መሬት።

«ለሷ ስል አንድ። አንድ ብቻ። እሱንም ከቤቴ ርቆ ይቁም፤ እንዳላየው።» ቀጥለውም ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሰም አደረጉ። «አዛናው ይጨምር። እሱ ሰነፍ ነው፤ ሳታዝዙትም አያነጥፍም።»

«እኔ ሰነፍ?» አለ አዛናው ብድግ ብሎ። «በሰው ፊት?» ግን ሰርካለምን ሲያይ ድምፁ ለዘብ አለ። «እሺ፣ አንድ ከእኔም። ለሷ ነው፤ ለእርስዎ እንዳይመስልዎ፣ አያ ባየልኝ።»

ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ዶክተር ፈረደ ጠበቁ፤ ከዚያ ብዕራቸውን አነሱ። ሰርካለም ዘሩ፣ ለሁሉም ነገር ጥያቄ የማታጣው ሴት፣ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች።

እኔ ስብሰባ ላይ አልናገርም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ስሜ ከተሰብሳቢዎች ዝርዝር አልፎ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

«የአማቴ የአቶ ኪዳን ማሳ አብርሃ ጅራ ነው፣» አልሁ፣ «አንድ ሂላ ከእሳቸው።»

የዶክተር ፈረደ ፊት በራ። «ሌላ ወረዳ! ይሄማ ጥናቱን ያጠናክረዋል። ፈቃደኛ ናቸው?»

«በሙሉ ልባቸው» አልሁ።

ጸደቀ። አያ ባየልኝ አጨበጨቡ፤ አዛናውም ተከተለ። ከቆላው ካምፓስ የመጣን ሁሉ እንደ ምረቃ ቀን ወላጅ ቆመን አጨበጨብን፤ የዋናው ግቢ ሰዎችም ግራ እየተጋቡ ተቀላቀሉን።

አማቴ አንዲት ፍሬ ሰሊጥ ከጆንያ ስትወድቅ ጎንበስ ብለው የሚያነሱ ሰው ናቸው። መስከረም እየተጋመሰ ነው፤ የሰሊጡ ቅጠልም ቢጫ መሆን ጀምሯል። እስካሁን አልነገርኋቸውም።