ከበርሊን ያመጣሁት የዘንድሮ ፊልም

ልጆች፣ ዛሬ ፒያሳ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ራሴን ገና አላመንኩም።

እንደ ዶርም ልማዳችን ደብዳቤዋን አንብባችሁ ለተረኛዋ ላኩ። ኅዳጉ ላይ ማሾፍ ይፈቀዳል። ለእናቴ መንገር ግን ክልክል ነው!

በኅዳር ለአንድ ወር ኮርስ ምሥራቅ በርሊን መላኬን ታውቃላችሁ። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ደግሞ ሻንጣው የራሱ አይደለም። ለአንዱ መነጽር፣ ለሌላው መድኃኒት፣ ለጎረቤት የልብስ ስፌት መርፌ። እህቴ ሰናይት ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለጥር ሠርጓ የሚሆን የፎቶ ፊልም።

ፒያሳ ፊልም ጠፍቷል። ጋሽ ስዩምን ታስታውሷቸዋላችሁ? የምረቃ ፎቷችንን ሲያነሡን "ፈገግ በይ እንጂ፣ ልትታሰሪ ነው እንዴ!" ያሉኝ ፎቶ አንሺ። የእሳቸው መደርደሪያ ላይ እንኳ የቀረው ባዶ ካርቶን ነው።

እኔም ተኩራርቼ "ፎቶው የእኔ ስጦታ ነው" አልኩ። በአማቾቿ ፊት!

በርሊን የገባሁት አሮጌ ካሜራ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነው። ትልልቆቹ ጋ መግባት አፈርኩ። (ስድስት ኪሎ ሳለን ሻይ ለማዘዝ እንኳ ሰው የምልክ እንደነበርኩ አትርሱ።) ባንኮኒው ጫፍ ላይ ፊልም የሞላ ቅርጫት አየሁ። እንዴት ያለ ርካሽ!

እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ። ጠንቃቃ! ካርቶኑን አገላብጬ የሚያበቃበትን ዓመት ፈለግኩ። ሰባ ስድስት ይላል።

ዘንድሮ ስንት ነው? ሰባ ስድስት።

"ጎሽ ማርታ፣ ሳይበላሽ ደረስሽበት" አልኩ በሆዴ።

ሻጯ ሴትዮ ዓመቱን በጣቷ እየነካች ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። እኔ የማውቃት የጀርመንኛ ቃል "ያ" (አዎ) ብቻ ነበረች። "ያ! ያ!" አልኩ፣ ዓመቱን እኔም በጣቴ እየነካሁ። አፍንጫዋን ሸበሸበች። ዋጋ ልትጨምርብኝ መስሎኝ ቅርጫቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። በመጨረሻ ትከሻዋን ሰብቃ ጠቀለለችልኝ።

እናንተ አሁን የደረሳችሁበት ይመስለኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አልደረስኩበትም።

ጉምሩክ ላይ ነጋዴ እንዳልመስል ካርቶኖቹን ጥዬ ፊልሞቹን በካልሲ ጠቅልዬ አስገባኋቸው። ጋሽ ስዩም ሲቀበሉኝ "አንዱን ልሞክረው ይሆን?" አሉ።

"ጋሽ ስዩም፣ ለሙከራ የሚባክን ፊልም የለንም። ዓመቱን ራሴ አይቼዋለሁ። የዘንድሮ ነው።"

"የተማረ ሰው ያየውን እኔ ምን ብዬ!" አሉና መረቁኝ።

ሠርጉ ባለፈው እሑድ ሆነ። ፎቶው ሁሉ የተነሣው በእኔ ፊልም ነው።

ዛሬ ጠዋት ፎቶውን ለመረከብ ሄድን። እኔ፣ ሰናይት፣ ባሏ ጌታሁንና ከደሴ የመጡት አጎቱ ጋሽ ወልዴ። ጋሽ ወልዴ ነገ ይመለሳሉ። ደሴ የጌታሁን እናት አልጋ ላይ ናቸው፤ ለሠርጉ መምጣት አልቻሉም። የላኩት ቃል አንድ ነው፤ "ልጄን ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆሞ፣ ብርሃኑ ጃንጥላ ይዞለት ልየው።" ለጊዮርጊስ ተስለው ነበር። ብርሃኑ ደግሞ ከሟች እህታቸው ተቀብለው ያሳደጉት ልጅ፣ የጌታሁን አንደኛ ሚዜ ነው።

ጋሽ ስዩም ከጨለማው ክፍል ሲወጡ ቀና ብለው አላዩንም። ፎቶዎቹን ባንኮኒው ላይ ደረደሩ።

ጭጋግ!

ጭጋግ ከጭጋግ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ቆሟል። አንዱ ጭጋግ ረዘም ይላል። ጌታሁን መሆኑ ነው።

"ፊልሙ ጊዜው ያለፈበት ነው" አሉ ጋሽ ስዩም ቀስ ብለው።

"ሊሆን አይችልም!" አልኩ። እኔ! ድምፄን ከፍ አድርጌ! "ካርቶኑ ላይ ሰባ ስድስት ይላል። ዘንድሮ ደግሞ..."

እዚህ ላይ ነው የገባኝ።

በፈረንጅ አቆጣጠር ሰባ ስድስት! ፈረንጆቹ እኮ ሰማንያ ሦስት ላይ ነበሩ። እኔ የገዛሁት፣ ካበቃ ሰባት ዓመት የሆነውን ፊልም ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ፣ ኮርሱ ላይ በየጠዋቱ ከስሜ ጎን ቀኑን የምጽፈው እኔው ራሴ ነበርኩ። ሰማንያ ሦስት ብዬ!

ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አንዱን ጭጋግ አንሥተው ወደ ብርሃን አስጠጉት፣ አገላበጡት፣ መልሰው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ታዲያ ለእህቴ ምን ይዤ ልሂድ?"

አለቀስኩ። ደንበኛ ሁሉ እያየኝ።

ሰናይት ግን አላለቀሰችም። "ጋሽ ስዩም፣ የሚሠራ ፊልም ጭራሽ የለዎትም?"

"ለመታወቂያ ብዬ የቆጠብኳት ጥቂት ፍሬ ካሜራው ውስጥ አለች።"

"ትበቃናለች። ቬሎው ገና ለባለቤቱ አልተመለሰም።"

"ብርሃኑስ?" አለ ጌታሁን። ብርሃኑ ትናንት ወደ ሥራው፣ ወደ ጅማ ተመልሷል። የለበሰው ሱፍ ግን የውሰት ስለነበር እነሱ ቤት ተሰቅሎ ቀርቷል።

ሰናይት ከእግር እስከ ራሴ ለካችኝ።

"ቁመትሽ ቁመቱ ነው።"

"ሰናይት፣ በእናትሽ..."

"ፊልሙን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ሚዜውንም አንቺው ታመጫለሽ!"

ልጆች፣ ሱሪውን በሻሽ ሸብ አድርጌ፣ ፀጉሬን በጋሽ ስዩም ባርኔጣ ደብቄ፣ በጠራራ ፀሐይ ከስቱዲዮው እስከ ምኒልክ አደባባይ ሄድኩ። ሙሽሮቹ ከፊት፣ እኔ ጃንጥላ ተሸክሜ ከኋላ።

የአራዳ ልጅ ይህን አይቶ ዝም የሚል ይመስላችኋል?

"ሚዜው! ጢምህን የት ጣልከው?"

"ተወው፣ አታይም እንዴ? ሱፉ እኮ ነው እሱን ለብሶ የሚሄደው!"

"ኧረ ሴት ናት!"

"ታዲያ ምን አለበት? እኩልነት ነው ተብሏል!"

ጊዮርጊስ ደጃፍ ደረስን። ጋሽ ስዩም ካሜራቸውን ደግነው "ሚዜው፣ ጃንጥላውን ዝቅ!" አሉኝ። ደስ አለኝ። ፊቴ እስኪሸፈን ዝቅ አደረግኩት።

"ሙሽራውን ሸፈንሽው እኮ! ትንሽ ከፍ!"

ከፍ ሳደርግ ሻሹ ተፈታ።

አንድ እጅ ጃንጥላ ላይ፣ አንድ እጅ ሱሪ ላይ። ነፋሱ ደግሞ ዛሬ ምን ነካው! ጃንጥላው በሁለት እጅ ካልተያዘ እንቢ አለ። መምረጥ ነበረብኝ።

ሱሪውን መረጥኩ።

ጃንጥላው ወደ ኋላ ዘመም ሲል ጋሽ ስዩም ቀጭ አደረጉት። "ሌላ ልድገም?" አሉ። ሁላችንም፣ ሙሽሪትም ጭምር፣ ከሚያየን ሰው ለማምለጥ ወደ ስቱዲዮው እየሮጥን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፎቶው ታጥቦ ወጣ። ጥርት ብሏል! ጌታሁን አለ። ሰናይት አለች። ጊዮርጊስ ከነጉልላቱ አለ። ከሁሉም ጥርት ብዬ የምታየው ግን እኔ ነኝ። ባርኔጣዬ ጆሮዬ ላይ ደርሷል፣ ከንፈሬን ነክሻለሁ፣ ቀኝ እጄ ሆዱን እንደቆረጠው ሰው ወገቤን ጨምድዷል።

"ብርሃኑ ነው ብለው ይንገሩልን?" አለ ጌታሁን እያፈረ።

"እህቴን አልዋሽም" አሉ ጋሽ ወልዴ። ፎቶውን በመሐረብ ጠቀለሉት። "ስለቷ የጊዮርጊስ ደጅ ነው፣ ይኸው ልጇ ቆሟል። የሚዜውን ነገር ከሥሩ እነግራታለሁ። ከሳቀች ከርማለች።"

እንግዲህ ደሴም ሊያውቀኝ ነው።

ሰናይት እስካሁን በቅጡ አላናገረችኝም። ቅድም ግን የራሷን ቅጂ አልበሟ ላይ ስትለጥፍ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ። እየሳቀች ነው! ስታየኝ ፊቷን ኮስተር አድርጋ አልበሙን ዘጋችው።

ከዚያ ሁሉ ሠርግ የቀራት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

እስቲ የተማራችሁ ልጆች ምከሩኝ። ነገ ልጆቿ አልበሙን ገልጠው "እማዬ፣ አክስታችን ማርታ በሠርግሽ ቀን የት ነበረች?" ብለው ቢጠይቋት፣ ምን ትበላቸው?