ጥቁሩን ኤዲተር ፈርቼ የደብዳቤውን የመረጥኩ ዕለት

የነበርነውን ሰዎች ቆጥሬ ልጀምር። በኋላ «እኔ አልነበርኩም» የሚል እንዳይመጣ!

እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ግርማ ነበረ፣ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ። ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ነበሩ፣ በር ላይ ቆመው፣ «አልቀመጥም፣ ወተቱ ይበላሽብኛል» እያሉ። ልጄ ሌንሳ በስልክ ነበረች፣ ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲ ግቢዋ። ዴስክቶፑም ነበረ።

ኦቦ ቱሉን በደንብ ያዙልኝ። በኋላ እፈልጋቸዋለሁ።

ብነግራችሁ አታምኑም፤ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች የሱሉልታ ሴት በዚህ ሳምንት የሂሳብ ኮድ ጻፈች። እኔ ነኝ! አጨብጭቡልኝ።

ቆይ፣ አታጨብጭቡ።

ሌንሳ የምታጠናው ሂሳብ ነው። የመመረቂያ ሥራዋ ደግሞ የኦቦ ቱሉ ፒካፕ ከሱሉልታ ቤቶች ወተት ሰብስባ በየትኛው አጭር መንገድ ከተማ እንደምትደርስ የሚያሰላ ኮድ ነው። ኦቦ ቱሉ እስከ ዛሬ የደረሱት ያለ ኮድ ነው፤ ግን ኩራታቸውን አትጠይቁኝ። ለወተት ደንበኞቻቸው ሁሉ «በእኔ መኪና እየተመረቀች ነው» ይላሉ።

ባለፈው እሁድ ቤት መጥታ ነበር። መብራት ስላልነበረ ሥራዋን ደብተር ላይ ጻፈችው። ስትሄድ ደብተሩን ሶፋ ላይ ረሳችው። በማግስቱ በዚህ በማስተር ፕላኑ ጣጣ መንገድ ተዘጋ፣ ዳታም ተዘጋ። ከወተት መኪና በቀር የሚያልፍ ጠፋ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካላስረከበች ዘንድሮ መመረቅ የለም።

«ፎቶ አንስተሽ ላኪላት» እንዳትሉኝ። በምን?

አዲስ አበባ ሰፍታ ወደ እኛ ልትመጣ ነው ሲባል ከረመ። እኔ አንድ ደብተር ወደ አዲስ አበባ መላክ አቃተኝ!

ረቡዕ ጠዋት ሌንሳ ደወለች። «እማዬ፣ ደብተሩን ለኦቦ ቱሉ ስጫቸው። በቃ።»

በቃ? እኔን ታውቁኛላችሁ፤ እኔ ጋ በቃ የሚባል ነገር አለ?

ደብተሩን ገለጥኩት። ክብ ተሥሏል። ክቡን ከሌላ ክብ የሚያገናኝ መስመር አለ፣ መስመሩ ላይ ቁጥር አለ። መንገዶች ናቸው! ልጄ የሱሉልታን መንገድ ከነመታጠፊያው በእጇ ሥላዋለች። መንገድ በድንጋይ በሚዘጋበት ሳምንት፣ ኬላ ላይ ሰው እስከ ካልሲው በሚፈተሽበት ሳምንት፣ አንድ ሽማግሌ የመንገድ ካርታ ይዞ ይለፍ?

እናንተ ትልኩ ነበር? እውነቱን ተናገሩ።

«ኮምፒውተር ላይ እጽፈውና ነገ በፍላሽ ይወስዱልኛል» አልኩ።

ግርማ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ። ልጁ ስትወለድ እንኳ ዝቅ ያደረገው አይመስለኝም።

«አንቺ?»

«እኔ!»

መልሶ ከፍ አደረገው።

ንቀት ነው። የላቲኑን ፊደል በኦሮምኛው ቁቤ አውቀዋለሁ፣ ኪቦርዱንም አውቀዋለሁ። የእድራችንን ማስታወቂያ የሚጽፈው ማን ሆነና?

ሌንሳ «እሺ፣ ጥቁሩን ኤዲተር ክፈቺ» ካለችኝ በኋላ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኤዲተር ማለት ኮድ የሚጻፍበት ነው አሉ። ዴስክቶፑ ላይ መጻፊያ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

ጥቁሩን ከፈትኩት።

ወዲያው ዘጋሁት!

ስክሪኑ እንደ ጉድጓድ ጠቆረ። በግራ በኩል ቁጥር ተደረደረ። አንድ ቃል ስጽፍ ቀይ ሆነ፣ ሌላ ስጽፍ አረንጓዴ። ፊልም ላይ ባንክ የሚዘርፉ ልጆች የሚጽፉት እንደዚህ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ እየተባለ ነው። ፈታሽ ገብቶ ይህን ቢያይ ምን ልለው ነው? «የወተት ሂሳብ ነው ጌታዬ»?

ሁለተኛው ነጭ ነው፣ ባዶ ነው። ብትሳሳቱም ዝም፣ ብታርሙም ዝም። እንደ ግርማ። አንድ ይበቃኛል፤ ዘጋሁት።

ሦስተኛው የእድሩን ማስታወቂያ የምጽፍበት የደብዳቤ ፕሮግራም ነው። ዘመዴ! ስትሳሳቱ ከሥር ቀይ ያሰምርባችኋል፣ ትክክሉን ያቀርብላችኋል። አስተማሪ ማለት ይህ ነው። ፈታሽ ቢመጣም ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው።

በጥንቃቄ አነጻጽሬ መረጥኩ። በጥንቃቄ!

ከምሳ በኋላ ተቀምጬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጻፍኩ። ልጄ የጻፈችው በሙሉ ማለት ይቻላል በቀይ ተሰመረበት። «ይህን ሁሉ ዓመት ምን አስተማሯት?» ብዬ አዘንኩ። አንድ በአንድ አረምኩላት። በኦሮምኛ «ወተት» ብላ የጻፈችውን ማሽኑ አላውቀውም ሲል፣ መጀመሪያ ያቀረበልኝን ቃል ተቀበልኩ። ከእሱ ጋር ልከራከር?

ደግሞ መስመሮቿ! ገሚሱን ወደ ውስጥ ገፍታዋለች፣ ገሚሱን ከዚያም የባሰ ወደ ውስጥ። እኔ አልጋዬ ላይ የተጨማደደ አንሶላ አላሳድርም። ሁሉንም ወደ ግራ ጠርዝ ሰብስቤ፣ እንደ ጠዋት የተማሪ ሰልፍ ቀጥ አደረግኳቸው።

ሲያልቅ ራቁቱን የቆመ መሰለኝ። ስለዚህ ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» አልኩ። ከሥሩ «ጉዳዩ፦ የሂሳብ ኮድ መላክን ይመለከታል» አልኩ። መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር»። ዙሪያውን የአበባ ፍሬም።

የቀረኝ ማኅተም ነበር!

ሐሙስ ማለዳ ኦቦ ቱሉ መጡ። የሌንሳ እናት ለማለት ሃዳ ሌንሳ ነው የሚሉኝ። «አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ሌንሳ?»

«ናጋ፣ ኦቦ ቱሉ። ይህችን ፍላሽ ካልሲዎ ውስጥ ይደብቁልኝ።»

«ወተት ሻጭ ካልሲው ውስጥ ምን ይደብቃል? ሴትዮ፣ ልታሳስሪኝ ነው?» ብለው ሸሚዛቸው ኪስ ከተቷት።

ኬላ ላይ «ምንድን ነው?» አሏቸው። «የልጅ የቤት ሥራ» አሉ። አለፉ።

ይኸው ነው። ያ ሁሉ ጭንቀቴ በሦስት ቃል አለቀ።

ከሰዓት ሌንሳ ፍላሿን መምህሯ ፊት ከፈተችው። መምህሯ «እስቲ ሁላችንም እንየው» ብለው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበሩት። መጀመሪያ የመጣው አበባው ነው። ግድግዳ የሚያህል አበባ!

መምህሯ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው አነበቡ። ዞር ብለው ተማሪዎቹን አዩና «ይመለከተናል» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ኮዱን ሊያስኬዱት ሞከሩ። አንድ እርምጃ አልሄደም።

ሌንሳ ደወለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። «እማዬ፣ ወደ ውስጥ የገቡትን መስመሮች ለምን አወጣሻቸው?»

«ዝርክርክ ነበሩ!»

«ኮዱ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንደሆነ የሚያውቀው እኮ በእነሱ ነው! ጥቁሩን ብትከፍቺ ራሱ ቦታቸውን ይይዝልሽ ነበር። ቃሉንም አይነካብሽም ነበር።»

ራሱ ይይዝልኝ ነበር! ያ የፈራሁት!

«ከሰላምታ ጋር ያልሽውስ?»

«አሳዳጊ የላትም እንዳይሉሽ ነዋ!»

አሁን ግቢ ውስጥ ስሟ «ከሰላምታ ጋር» ሆኗል። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

«ደብተሩን ካላየሁ መልሼ አላስተካክለውም» አለችኝ። እሺ፣ አሁንስ ጥቁሩን ደፍሬ እከፍታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። መብራት ጠፋ። ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ጠቆረ።

መብራቱ እስከ ዛሬ ጠዋት አልመጣም። ዛሬ ዓርብ ነው።

ዛሬ ደግሞ አድማ ስለሆነ ወተት አልተጫነም። ኦቦ ቱሉ ግን በአንድ ሰዓት በራችን ላይ ቆሙ። «ደብተሩን አምጪ።»

«መኪናዎ ባዶ ነው እኮ! ሰው በማይወጣበት ቀን ለምን ይሄዳሉ?»

«መንገዱን የምታሰላው ለእኔ አይደለም እንዴ? ታዲያ የማን ሥራ ነው?»

ካርታ ያለበትን ገጽ ልቅደደው ብዬ ያዝኩት። ገለበጥኩት። ኮዱ የተጻፈው ከጀርባው ነው።

አልቀደድኩትም። ከእነካርታው በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ሸሚዛቸው ውስጥ ከትተውት ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዳታ የተለቀቀው አሁን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ደብተሩ ሌንሳ ጋ አልደረሰም። ኦቦ ቱሉም አልደረሱም፣ አልተመለሱምም። ስልካቸው ከአራት ሰዓት ጀምሮ ዝግ ነው። ሌንሳ አራት ጊዜ ደውላለች፤ ስለ ኮዱ አንድ ቃል አላነሳችም። «ኦቦ ቱሉስ?» ብቻ ነው የምትለኝ። ግርማ ሬዲዮኑን ዘግቶ አስፋልቱ ዳር ቆሟል።

«የጠፋ ሰው» ብዬ ብጽፍ ላይክ አድርጋችሁ ታልፉ ነበር። ውርደት ግን እስከ መጨረሻው ታነባላችሁ፤ እኔም አነባለሁ። እንግዲህ ውርደቴ ያውላችሁ።

ሰውየውን ከዚያ ካርታ ላድን ብዬ ስንት ተጠነቀቅኩ። በመጨረሻ ካርታውን በገዛ እጄ አስያዝኳቸው፣ ያውም ወተት በሌለበት ቀን። ያን ጥቁር ነገር ረቡዕ ከፍቼው ብጽፍበት ምን ያደርገኝ ነበር? ይበላኝ ነበር?

ኦቦ ቱሉ ረጅም ናቸው። ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ሰማያዊ ቆብ አድርገዋል። መኪናቸው ነጭ አሮጌ ፒካፕ ናት፣ የኋላ ሸራዋ አረንጓዴ። የወጡት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል ሊገቡ አስበው ነው። ያ ተዘግቶባቸው ከሆነ በቡራዩ ዞረው ይሆናል።

ሱሉልታ ያላችሁ፣ ቡራዩ ያላችሁ፣ ሰበታም ያላችሁ፣ ዛሬ ያያችኋቸው ካላችሁ የት እንደነበሩና በስንት ሰዓት እንደሆነ እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።