ለደን ፕሮፌሰር የተላከ ሽማግሌ

አሜሪካኖች የማያውቁት ነገር የለም፤ መለመን ግን አያውቁም! ጨረቃ ላይ ወጥተዋል፣ ዶሮውን ያለ አጥንት ይሸጡልሃል… አንድ ሰው "አይ" ካላቸው ግን በቃ፣ "ኦኬ፣ ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ!" ብለው ዞር ነው። ቤታቸው ጋብዘውህ ለወጉ ያህል "በልቻለሁ" ካልክ የምር ያምኑሃል፤ ምግቡን ዓይንህ እያየ ፍሪጅ ውስጥ ይከቱታል። አንባቢዬ፣ አንተም ሳይደርስብህ አልቀረም፤ ያን ቀን እንዳልጠገብክ እኔ ምስክርህ ነኝ።

እኛ ዘንድ "አይ" የጨዋታ መክፈቻ ነው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ መጀመሪያ "እስቲ ዘመድ እናማክር" ይባላል። ሲመለስ "ትንሽ ታገሱን" ይባላል። ነገሩ የሚያልቀው በሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ቀን "እሺ፣ ውሰዷት" ያለ ቤተሰብ ካጋጠመህ ጠርጥር!

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ባለፈው የጸደይ ወቅት ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አንዲት ፕሮፌሰር ልለምን ስለሄድኩ ነው። ለጋብቻ አይደለም። ባለቤቴ ዘሀራ ይህን ገጽ ስለምታነብ ልድገመው፦ ለጋብቻ አይደለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሀያት እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ አሳምራ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምታነቡት እኔ የተረጎምኩትን ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በደን ትምህርት ክፍል አስተባባሪ ሆና ትሠራለች። ክፍሉ ደግሞ የነባር ሕዝቦችን የደን አያያዝ የሚያስተምርና የሚመራመር ፕሮፌሰር ፍለጋ ከኮቪድ ጋር እኩል ጀምሮ፣ ኮቪድ ፋታ ሲሰጥ እነሱ ገና እየፈለጉ ነበር።

"የምን የደን አያያዝ ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ሰዎች ጫካውን እንዴት ይጠብቁት እንደነበር ነዋ። ለምሳሌ በየጊዜው ለስለስ ያለ እሳት ይለቁበታል፤ ትልቁ እሳት እንዳይመጣ።"

ሱብሃነላህ! እኛ ወሎ ውስጥ ደን ያቃጠለ ይታሰር ነበር፤ እዚህ ለካ ፕሮፌሰር ይሆናል።

ሳቄ የቆመው ቀጥላ የተናገረችውን ስሰማ ነው። ፕሮፌሰሩ ካልተገኘ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ፕሮግራሙ ከተዘጋ የእሷም ሥራ ያበቃል፤ ሥራው ካበቃ ኦሪገን ሌላ ሥራ አለ። ኦሪገን! ከዚያ ቀጥሎ ያለው ውቅያኖስ ነው። ዘሀራ ይህን ስትሰማ ከሀያት ጋር አልተጨቃጨቀችም፤ ወደ እኔ ዞራ "ልጄ ኦሪገን ከሄደች አንተም ዕቃህን ሸክፍ" አለችኝ። የደን ክፍሉን እኔ የምመራው ይመስል!

አልሀምዱሊላህ፣ በመጨረሻ አንዲት ሴት ተገኘች፤ ዶክተር ሬና። ሕዝቧ ድሮ ከዚሁ ከኦሃዮ ተገፍቶ ኦክላሆማ የወረደ ነው። በስክሪን ስንት ጊዜ ካነጋገሯት በኋላ በአካል አስመጧት፤ ግቢውን አስጎበኟት፣ የዩኒቨርሲቲው አርማ ያለበት ኩባያ ሸለሟትና "ሥራው ያንቺ ነው" አሏት። እሷም አመስግና "አይ" አለች።

"እነሱስ ምን አሉ?" አልኩ።

"ኦኬ አሉ። ነገ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳት መኪና አዘዙላት።"

"አልለመኗትም?!"

"ዳድ፣ ትልቅ ሰው እኮ ናት። አይ ብላለች።"

"ምክንያቷ ምንድነው?"

"'ሕዝቤን ከዚህ ምድር አባረው አሁን እውቀቱን አምጪ ይሉኛል። እኔን ጠየቁኝ፤ ወገኖቼን ግን ማንም አልጠየቀም' ነው ያለችው።"

ከሶፋዬ ተነሳሁ። ወገኔን ጠይቁ ማለት እምቢታ ነው እንዴ? ሽማግሌ ላኩ ማለት ነው እንጂ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ስልኬን አንስቼ ሁለት ሰው ጠራሁ። አንዱ ሞርስ ሮድ ላይ ግሮሰሪ ያላቸው ሀጂ ሰይድ ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው ያልገቡበት የሠርግ ነገር የለም። ሁለተኛው ጋሼ ይማም ናቸው፤ ትራክ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እንግሊዝኛቸው በየነዳጅ ማደያው የተለቀመ። እኔ ጉዳዩ ስለሚነካኝ ሽማግሌ መሆን አይገባኝም፤ ሹፌር ሆንኩ። ሀያትን አስተርጓሚ አደረግናት።

"ዳድ፣ ፕሊዝ ዶንት" አለች። ይህን ሳልተረጉመው ልተወው።

በማግስቱ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት፣ ሴትየዋ ያረፈችበት ሆቴል ቁርስ ቤት ገባን። ዶክተር ሬና ጥግ ላይ ተቀምጣ እርጎ ትበላለች። ሀጂና ጋሼ ይማም ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቷ ተሰልፈው ቆሙ። ሀያት ማስኳን እስከ ቅንድቧ ሳበችው።

"ፕሊዝ፣ ተቀመጡ" አለች ሴትየዋ ደንግጣ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!" አሉ ሀጂ።

የሆቴሉ አስተናጋጅ ወንበር እየጎተተች መጣች። "እንቆማለን" አሏት። "ዋፍልስ?" አለች። "አንበላም" አሏት። "ኦኬ!" ብላ ሄደች… አላልኳችሁም?

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጃችን፣ እኛ እንግዶች ነን። የምንኖርበት መሬት ግን የአያቶችሽ ነበር አሉን። ታዲያ የዚህ ቤት ልጅ ወደ ቤቷ ስትጠራ ያለ ሽማግሌ መጥራት ነውር ነው። ዩኒቨርሲቲው አሳዳጊ የበደለው ነው፤ ይቅር በይው።"

አሳዳጊ የበደለው የሚለውን ሀያት በምን ቋንቋ እንዳሳለፈችው እስካሁን አልነገረችኝም። ሴትየዋ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ "ይህን የምመልሰው እኔ አይደለሁም" ብላ ለአክስቷ ቪዲዮ ኮል አደረገች። ስልኩን ኩባያው ላይ አስደግፋ አቆመችው፤ የዩኒቨርሲቲው ስጦታ የዚያን ዕለት ብቻ ሥራ ሠራ።

አክስትየዋ ኦክላሆማ ኩሽናቸው ውስጥ እንቁላል እየጠበሱ ነበር። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሽማግሌዎቻችንን አንድ በአንድ መረመሯቸው።

"ዩኒቨርሲቲው ነው የላካችሁ?"

"ዩኒቨርሲቲው መኖራችንንም አያውቅም" አሉ ጋሼ ይማም፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ።

"እንግዲያው እሰማችኋለሁ።"

ሀጂ ነገሩን ከሥሩ አንስተው ተናገሩ። አክስትየዋ እንቁላሉን ገለበጡ። "እስቲ ንገሩኝ" አሉ፤ "በእናንተ አገር ልጅ ስትወሰድ ባዶ እጅ ይመጣል?"

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሀጂ፣ ትርጉሙ እንደደረሳቸው። "የጠየቃችሁትን! ከእኛ የሚቀር ነገር የለም!"

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ… እኔ ከኋላ ቆሜ በደስታ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

"ጥሩ" አሉ አክስትየዋ። "እኛም እዚህ ደን አለን። የእኛን ልጅ ከወሰዳችሁብን ቦታዋን የሚሸፍን ሰው ያስፈልገናል። ሬና ጉዞዬን ሁሉ ያሰናዳችልኝ ያለችኝ ይህች የምታስተረጉመው ልጅ ናት አይደል? እሷን ለሁለት ዓመት ስጡን።"

የዋፍል መጋገሪያው ማሽን ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ… አለ። ሹፌር በሽማግሌ መካከል አይናገርም፤ ሀያትም ገና አልተረጎመችም።

"ምን አለች?" አሉ ሀጂ።

"ሰው ነው የምትፈልገው፤ ለሥራ" አሉ ጋሼ ይማም።

"ይሄ ነው እንዴ? ሰጥተናል!"

ሀያት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እየተጎተተች ነበር የምትተረጉመው። "ሰጥተናል" የምትለዋን ግን ሀጂ አፋቸውን ሳይከድኑ አደረሰቻት። ዶክተር ሬና ተነስታ ሀጂን ጨበጠች። ሀጂ ዱዓ አደረጉ፤ አጠገባችን የነበረ ባለ ኮፍያ ነጭ ሳይቀር ከነዋፍሉ "ኤሜን" አለ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና ቁርስ በሉ። እኔ አልበላሁም፤ የለመነኝም የለም።

መኪና ውስጥ ፈነዳሁ። "ሀጂ! ልጄን እኮ ነው የሰጡብኝ!"

"የሰው ልጅ በባዶ እጅህ ልትቀበል ኖሯል?" አሉ። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ።"

በመስታወቱ ወደ ኋላ ሀያትን አየኋት። "ልጄ፣ አንቺ አልሄድም በያቸው እንጂ!"

ከተወለደች ጀምሮ "አባባ" ብላ የማታውቅ ልጅ ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ በሚቀናበት አማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ "አባባ፣ ሽማግሌ የተናገረው ይታጠፋል እንዴ? ነውር አይደለም?"

ዩኒቨርሲቲው? የደስ ደስ! ዲኑ ነገሩን "ፓርትነርሺፕ" ብሎ ሰየመውና የራሱ ሐሳብ አስመሰለው። ዶክተር ሬና ገብታ ማስተማር ጀምራለች፤ ከሀጂ ግሮሰሪም አትጠፋም። ሀያትን ራሴ ነድቼ ኦክላሆማ አደረስኳት፤ ጫካውን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደበራ ሳይ ኮራሁ፣ ስመለስ ግን መንገዱን በሙሉ ባዶውን የኋላ ወንበር በመስታወት እያየሁ ነዳሁ። ዘሀራ ዕቃዬን አላስወጣችም፤ "ኦሪገን አልሄደችም" በሚል ቀጭን ምክንያት ምሬኛለሁ ብላለች። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። በር በኃይል የሚዘጋ እንኳ ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት አላስችል አለኝና ለአክስትየዋ ደወልኩ። "እባክዎ፣ ልጄን ይመልሱልኝ" አልኩ።

"ኖ" አሉ። "ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ።"

ሀጂ ከዘራቸውን እየወለወሉ ነው፤ እኔም የመኪናዬን ዘይት ቀይሬያለሁ። ግድ የለም… ገና የመጀመሪያዋ "አይ" ናት።