የፀጉር ቅባት የት ይግባ?

«የፀጉር ቅባት መሠረታዊ ፍላጎት ውስጥ አይገባም» እያልኳት ነው።

«የት ነው የሚገባው ታዲያ?» አለችኝ ሊዲያ።

«‹ሌላ› የሚል ሳጥን አለ።»

«እሺ፣ ሌላ ውስጥ ይግባ። ፀጉሬ ግን ሌላ ቦታ አይደለም ያለው፣ ራሴ ላይ ነው።»

ሳቅሁ። በሹክሹክታ ነው የሳቅሁት። የምናወራውም በሹክሹክታ ነበር፣ ምክንያቱም ከጎናችን ሰው ተኝቷል።

ቦታው ሰበታ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ ግቢ፣ በግቢው ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ልጆች። ሁለቱም ከሆሳዕና አካባቢ መጥተው አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራሉ። ሊዲያ የቀን ፈረቃ ናት፣ ዛሬ ዕረፍቷ ነው። ብርቱካን የሌሊት ፈረቃ ገብታ አድራ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች። አንድ ፍራሽ ለሁለት ይበቃቸዋል። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛለች። ፈረቃ የሌለው ፍራሹ ብቻ ነው፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው።

እኔ ደግሞ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ ታብሌት አድርጌ፣ ለመኖር የሚያስፈልጋትንና የማያስፈልጋትን እለይላታለሁ።

እንዴት እዚህ ደረስክ አትሉኝም?

ቤቴ ቡራዩ ነው። ሥራዬ መጻፍ ነው። መጻፍ ስል ቁርጥራጭ ነገር ነው፣ ግማሽ ገጽ፣ ሩብ ገጽ። አንዳንዱ ሳያልቅ ይቀራል፤ ያላለቀውን «ስልቱ ነው» እላለሁ። በዚህ የሚተዳደር ሰው አይታችኋል? እኔም አላየሁም። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ደውሎ፣ ጥናት አለ፣ መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ፣ አበሉ ጥሩ ነው ሲለኝ ስለ ምን እንደሚጠና እንኳን አልጠየቅሁም። በኋላ ነው የተነገረኝ። የሠራተኛ ዝቅተኛው ደሞዝ መሠረታዊ የኑሮ ወጪን መሸፈን አለበት ወይ? አለበት ከተባለስ፣ መሠረታዊ የሚባለው የትኛው ነው?

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ በቁጣ። ሠርቶ የማይኖር ሰው ለምን ይሠራል ብዬ ጠይቄያለሁ። ማንን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ሥልጠናው ሱሉልታ ነበር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ። ለምን ሱሉልታ? አየሩ ለማሰብ ይመቻል ተባለ። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት የተከራከርነው ስለ ቅቤ ነው። አንዱ ዘይት እያለ ቅቤ ቅንጦት ነው አለ። አንዷ ለአራስ ግን መሠረታዊ ነው አለች። ታዲያ ለአራስ ብቻ ይያዝ ተባለ። አራስነት ስንት ቀን ነው የሚል ሌላ ክርክር ተነሳ። አስተባባሪያችን፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት፣ «ፎከስ እናድርግ» እያለ ሲያስታርቀን ቆይቶ በመጨረሻ ቅቤን ከዝርዝሩ አወጣው። አጨበጨብን። ከዚያ ምሳ ወረድን። ክትፎ ነበር። ቅቤው ከሳህኑ ጠርዝ ይፈሳል። ሁለቴ ተነስቼ አነሳሁ።

ሁለቴ አይደለም፣ ሦስቴ ነው። አሁን ለእናንተ ሳወራ እንኳን አሳነስኩት።

ወደ ሰበታ እንመለስ። «ሥጋ በየስንት ጊዜው ትበላላችሁ?» አልኩና ምርጫዎቹን አነበብኩላት። በየቀኑ፣ በሳምንት፣ በወር።

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። «‹ጌታ ሲነሳ› የሚል የለውም?» አለ ከውስጡ አንድ ድምፅ።

«አንቺ ተኚ! ማታ ማሽኑ ላይ ልትደፊ ነው?» አለች ሊዲያ።

«እንዴት ልተኛ? ሳሙና እኮ አላልሽም። ሳሙና በያቸው!»

ሳሙና አስገባን። ሳሙና ሱሉልታ ላይ ያለ ክርክር ነው ያለፈው። ቀጥሎ ትራንስፖርት መጣ። የፋብሪካው ሰርቪስ ከአስፋልቱ ዳር ያነሳቸዋል፣ እዚያው ይመልሳቸዋል፤ ስለዚህ ዜሮ ብዬ ላልፍ ስል ሊዲያ ለመስቀል ሀገር ቤት እንደምትሄድ ነገረችኝ። ለዚያ ዓመቱን ሙሉ ታጠራቅማለች። ታብሌቱን ወደ ላይ አልኩት፣ ወደ ታች አልኩት። ወደ ሥራ መሄጃ አለው፣ ወደ እናት መሄጃ የለውም። የተገኘው ቦታ አንድ ነው፤ «መዝናኛ»።

«እናቴ ጋ መሄድ መዝናኛ ነው?» አለች።

«እናቷን ስለማያውቋት ነው እንጂ ጋሼ» አለ ብርድ ልብሱ፣ «ሲኒማ ናቸው!»

ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ ጣቴ «መዝናኛ»ን ነካ። መዝናኛ ደግሞ መሠረታዊ አይደለም፣ ታብሌቱ ራሱ ከድምሩ ያወጣዋል። ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው አስራትስ? «ሌላ»። ለእናቷ የምትደውልበት ካርድስ? «ሌላ»። ቅባቱ ቀድሞ እዚያ ገብቷል። የልጅቷ ሕይወት አብዛኛው «ሌላ» ውስጥ አለቀ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ኪሴ ውስጥ ባለች ደብተር ላይ ጻፍኳት። እሷው ፊት ነው የጻፍኩት። ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት፣ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ ብዬ።

ከዚያ የቤት ኪራይ ላይ ደረስን። «ኪራይ ቢጨመርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል ጥያቄው።

ሊዲያ መሳቋን ተወች። አሁን ያለውን ከፍለው የሚተርፍ እንደሌላቸው ነገረችኝ። ሦስተኛ ልጅ እንዳያስገቡ ፍራሹ ከሁለት ፈረቃ በላይ አይችልም። ከተጨመረ ያላቸው ምርጫ ተፍኪ ነው፣ እዚያ ቤት ይረክሳል። ግን ሰርቪሱ ተፍኪ አይደርስም። «እኔ እንኳን በቀን ነኝ፣ በታክሲ እሞክራለሁ» አለች። ከዚያ በአገጯ ወደ ፍራሹ አሳየችኝ። «እሷን ግን በዚያ ሰዓት ማን ያመጣታል? ሰርቪስ ከሌለ ሥራዋ የለም ማለት ነው።»

ብርድ ልብሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ምርጫዎቹን አየሁ። «ርካሽ ቤት እፈልጋለሁ» የሚል አለ። እሱን ነካሁ።

ልነሳ ስል ይኼ ሁሉ ተጽፎ ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ደሞዝ ኑሮን መቻል አለበት ተብሎ ለሚመለከተው አካል ይቀርባል አልኳት።

«እንደማይችል አያውቁም ነበር እንዴ?»

«ጥናት ያስፈልገዋል» አልኳት።

የሦስት ቀን አበሌ የወር ደሞዟን ያህል እንደሆነ አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝማ! ፎርሙ የሚጠይቀው እሷን ብቻ ነው።

የግቢው በር ላይ ኦቦ ቶሎሳ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ናቸው። «አካም ቡልተን» አልኳቸው። ቡራዩ ያስተማረችኝ ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ኦቦ ቶሎሳ ገብቷቸው በአማርኛ ቀጠሉልኝ። ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ከዚያ ታብሌቱን አይተው «ከውሃ ነህ ከመብራት?» አሉኝ።

ቆጣሪ አንባቢ መሰልኳቸው! ምን ነበረበት? ቆጣሪ ማንበብ ሥራ አይደለም? እኔን ግን ቆረቆረኝ። ለሚጠይቃችሁ «ጥናት ነው» ብቻ በሉ ተብለናል። እኔ ግን ደረቴን ነፋ አደረግሁና የሠራተኛው ደሞዝ ኑሮውን እንዲችል እያጠናን ነው አልኩ። በዚያ ላይ ጨመርኩ፤ «ሳይጨመር አይቀርም።»

ይቺን የመጨረሻዋን ማን በል አለኝ? ማንም።

«ጋሪ ዳ!» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እነዚህ ልጆች ተጎድተዋል አሉ። ባርከው ሸኙኝ።

አላወቅሁም ነበር እንዳልል እኔም ተከራይ ነኝ። የቡራዩዋ አከራዬ ሬዲዮ ላይ «ደሞዝ» የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ከማግስቱ በሬን ታንኳኳለች። ደሞዝተኛ እንዳልሆንኩ ስንቴ ነግሬያታለሁ። ስለዚህ ይኼን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለት ወር አለፈ። ጥናቱ ማረጋገጫ የሚባል ነገር አለው። ተመልሰህ ሄደህ ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ ሰውየው ዋሽቶ እንደሆነ ለማየት። ጠያቂውን የሚያረጋግጥ ግን የለም።

ግቢው ውስጥ ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። ስታየኝ እጇን ከአረፋው አወጣች። «ኑ ውጡ፣ ደሞዝ ጨማሪው መጣላችሁ!» ብላ ጮኸች። ከየክፍሉ ሳቅ ተሰማ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

ኦቦ ቶሎሳ ግን ተነስተው አቀፉኝ። ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። «አንተ ባትነግረኝ ዘግይቼ ነበር፣ ልጄ!» አሉ። በየክፍሉ አምስት አምስት መቶ ብር ጨምረዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለጎረቤቶቻቸው ነግረው ሰፈሩ ሁሉ ጨምሯል። የተማረ ሰው ነው የነገረኝ ብለው።

«ኧረ ኦቦ፣ ደሞዙ እኮ አልተጨመረም!»

«ይጨመራላ። አንተ አይደለህ ያልከው?»

«እንግዲያው እስኪጨመር ይጠብቋቸው።»

ፊታቸው ጠቆረ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፋብሪካ ቆሟል። ካሳው እነዚህን ክፍሎች ሆነ። «የማጭደው ከዚህ ነው» አሉ፣ በሮቹን በዱላቸው እያሳዩኝ። «ዘይት ለእኔ ብቻ ረክሷል? የእኔን ኑሮ የሚያጠናውስ መቼ ነው የሚመጣው?»

ልቆጣቸው ነበር። ታብሌቴ ውስጥ ለእሳቸው የሚሆን ፎርም የለም። ለእነ ሊዲያ ብቻ እንኳን ይተዉላቸው ብዬ ለመንኩ። ለአንዱ ትቼ ለሌላው ብጨምር ግቢው በሰላም ያድራል? አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሁሉም ሰው እውነት መሆኑ ነው ያስቸገረኝ። ከእኔ በቀር።

የእነ ሊዲያ በር ገርበብ ብሏል። አንኳኳሁ። ሊዲያ ሻሽ አስራ ብቅ አለች። በትከሻዋ አሻግሬ አየሁ። ሻንጣው ታስሯል፣ ምድጃው በማዳበሪያ ተጠቅልሏል። ያልተጠቀለለው ፍራሹ ብቻ ነው። ብርቱካን ተኝታበታለች።

«ማረጋገጫ ነው» አልኳት።

«ይጠይቁ» አለችኝ። ግቡ አላለችኝም።

እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠየቅሁ። ኪራይ? ነገረችኝ። የመኖሪያ ለውጥ? ነገ ወደ ተፍኪ። በቤተሰቡ ሥራ የለቀቀ? «ብርቱካን። ዛሬ ማታ የመጨረሻዋ ነው።» ለፀጉር ቅባት በወር?

«ትቼዋለሁ» አለች። «አያስፈልግም ብለውኝ የለ?»

እንደሱ አላልኩም ልላት ነበር። ብዬ ነበር።

ለኦቦ ቶሎሳ የነገርኳቸው እኔ ነኝ አልኳት። «እናውቃለን» አለች፤ አልተቆጣችም። እጄን ኪሴ ከተትኩና የሳምንት አበሌን ግማሽ አወጣሁ። ለጉዞው ይሁናችሁ አልኩ። ብሩን አየችው፣ ከዚያ ታብሌቱን አየችው።

«ይኼ የት ነው የሚገባው፣ ጋሼ? መሠረታዊው ውስጥ ነው ሌላው ውስጥ?»

ስታላግጥ አይደለም። ልክ እኔ ስጠይቃት እንደነበረው፣ በትሕትና ነው የጠየቀችኝ። እጄ ወደ ኪሴ ተመለሰ። ፈጥኖ ነው የተመለሰው።

ታብሌቱ የመጨረሻውን ጥያቄ አመጣ። ልማድ ሆኖብኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ «ይህን ቃለ መጠይቅ እንዴት አገኙት? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ።»

ብርድ ልብሱን ጠበቅሁ። እሱ መልስ አያጣም ነበር። ትንሽ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

«እንዳትነቃብኝ» አለች ሊዲያ በሹክሹክታ። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።