የጄኔራሉ ሰራዊት ቀለብ

[ጄኔራል ያሉት ጎረቤቶቹ ናቸው እንጂ እሱ የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ቤት ቀለም ቀቢ ነው። ይኸው ሰባት ወሩ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ይዞ በየተራ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ይፈለስፋል። ቆርኪው ወታደር፣ ምስሩ ቀለብ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላል። ዛሬ ሚስቱ ቁርጡን ነግራዋለች፦ እስከ ምሳ ድረስ ካሸነፈ ጠረጴዛው የእሱ፤ ከተሸነፈ ወይም ጨዋታው እንደ ልማዱ አላልቅ ካለ የሷ። የሚገጥመው ወንድሟን ነው። የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነው፤ ሲናገር ዝግ ስለሚል ጄኔራሉ በልቡ "ይሄ ፈዛዛ" ይለዋል። ከአብሳዩ ጀርባ የማእድ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው።]

አብሳዩ፦ ጥሬውን ነው እንዴ የሚበሉት?

ጄኔራሉ፦ ስንቴ ልንገርህ? አንድ ቆርኪ በአንድ ዙር አንድ ማንኪያ ምስር ይበላል። በላ ማለት ምስሩ ከሰሌዳው ወጣ ማለት ነው። አለቀ።

አብሳዩ፦ ወጥቶ የት ይሄዳል?

ጄኔራሉ፦ የትም ይሂድ። ብቻ ከፊቴ ይጥፋልኝ።

አብሳዩ፦ እሺ ጋሼ። [የተበላውን ምስር በጎድጓዳ ሳህን ሰብስቦ መልቀም ይጀምራል።]

ጄኔራሉ፦ አሁን ደግሞ ምን ትለቅማለህ?

አብሳዩ፦ ጠጠር አለበት። የወታደሮችዎ ጥርስ እንዳይሰበር ብዬ ነው።

ጄኔራሉ፦ [ለራሱ] ከዚህ ጋር ከምዋጋ ከግድግዳው ጋር ብዋጋ ይሻለኝ ነበር። [ጮክ ብሎ] ስማኝማ። ይሄ የቀለብ ሕግ ለምን እንደመጣ ገብቶሃል? ሰው ሁሉ ሰራዊቱን ከምሮ ከምሮ ቁጭ እያለ ጨዋታው አላልቅ ብሎኝ ነው። ስለዚህ ብዙ ያለው ብዙ ይቀልባል።

አብሳዩ፦ እርስዎ ስንት አለዎት?

ጄኔራሉ፦ ሠላሳ።

አብሳዩ፦ እኔስ?

ጄኔራሉ፦ አንድ። ስምንት ሰጥቼህ ሰባቱን "ወደ ቤታችሁ ሂዱ" ብለህ ያሰናበትክ አንተ።

አብሳዩ፦ ሰው ቁጭ ብሎ ሲበላ ማየት ሥራ ቦታም አልቀረልኝ።

ጄኔራሉ፦ [ደስ ብሎት] በቃ፣ አለቀልህ። ሠላሳውም ይዝመትብህ።

አብሳዩ፦ መንገድ ላይ የሚበሉትን ማን ተሸክሞላቸው?

[ጄኔራሉ የሕግ ደብተሩን ይስባል። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ሲያገኝ ሳይደፍነው አያድርም።]

ጄኔራሉ፦ ጥሩ። የሚዘምት ሰራዊት እጥፍ ይበላል። [ደብተሩ ላይ ይጽፋል።] ስድሳ ማንኪያ... [ጎተራ ያለውን የምስር ክምር ያያል።] እንግዲያው ዛሬ አንዘምትም። እዚሁ ሆነን እንጠብቅሃለን።

አብሳዩ፦ ቢጠብቁስ ይበሉ የለ? [ሠላሳ ማንኪያ ይሰፍራል። ሳህኑን ሳያይ በመስኮቱ ወደኋላ ያቀብላል። አንዲት እጅ ትቀበለዋለች።] ያልበላውስ ምን ይሆናል?

ጄኔራሉ፦ እሱንማ አስቤበታለሁ። አንዴ ካልበላ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለቴ ካልበላ ትእዛዝ አይሰማም። ሦስተኛውን ካልበላ ምሽጉን ለቆ ምግብ ወዳለበት ይሄዳል።

አብሳዩ፦ አዛዡም?

ጄኔራሉ፦ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው። አዛዥም ቢሆን።

አብሳዩ፦ እንዳልረሳው ይጻፉልኛ።

ጄኔራሉ፦ ጻፍኩልህ። ባዶ የተገኘ ምሽግ ቀድሞ ለገባበት ነው፣ ባለቤቱም ይማረካል፣ ጨዋታውም ያኔ ያበቃል። እሱንም ጻፍኩልህ።

አብሳዩ፦ የተማረከ ሰውስ?

ጄኔራሉ፦ ምርኮኛ ግማሽ ማንኪያ ይበቃዋል። [ይጽፋል።] እንዲያውም በዛበት።

አብሳዩ፦ ኧረ ጋሼ፣ በግማሽ ማንኪያ ሰው ይኖራል?

ጄኔራሉ፦ አየህ፣ አንተ የጦር ሰው አይደለህም። እኔን እየኝ፤ ይሄን ሕግ ስጽፍ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

አብሳዩ፦ እራትም?

ጄኔራሉ፦ እራትም፣ ቁርስም። ሥራ ስይዝ ሆድ የሚባል ነገር የለኝም።

አብሳዩ፦ ሁለት።

ጄኔራሉ፦ ምን ሁለት?

አብሳዩ፦ ዙሩን ነው። ሠላሳ ማንኪያ ያምጡ።

[ከማእድ ቤቱ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሰማል። ጄኔራሉ አንድ ቆርኪ ሊያንቀሳቅስ ሞክሮ ይጥለዋል።]

አብሳዩ፦ ደከመዎት?

ጄኔራሉ፦ ማን? እኔ? [ያፍንጫው ቀዳዳ ሰፍቷል።] ምንድን ነው እሱ የሚሸተው?

አብሳዩ፦ እኔ እንጃ። ይጫወቱ እንጂ፣ ተራው የእርስዎ ነው።

ጄኔራሉ፦ አልጫወትም።

አብሳዩ፦ ትእዛዝም አልሰማ አሉ።

ጄኔራሉ፦ ቆይ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ ቀምሼ መጣሁ። ምንም ነገር እንዳትነካ። [ተነስቶ ወደ ማእድ ቤት ይገባል።]

አብሳዩ፦ [በመስኮቱ ለእህቱ] እትዬ፣ ምሽጉ ባዶ ነው። ሳህኖቹን አቀብዪኝ።

[ጄኔራሉ ከንፈሩን እየላሰ ሲመለስ ቆርኪዎቹ ካርቶን ገብተዋል፤ ጠረጴዛው ተወልውሎ ሳህን ተደርድሮበታል። አብሳዩ በእሱ ወንበር ተቀምጧል።]

ጄኔራሉ፦ ምን ዓይነት ምስር ነው ባካችሁ፣ አንዲት ጠጠር የለበትም... ሰራዊቴ የት ሄደ?

አብሳዩ፦ ቀለቡን ነው የቀመሱት። ከፊቴ ይጥፋልኝ ስላሉ ወደ ድስት ሰደድኩት። [ደብተሩን ይገልጣል።] ገጽ አርባ አንድ፦ "ሦስተኛውን ካልበላ ምሽጉን ለቆ ምግብ ወዳለበት ይሄዳል። አዛዥም ቢሆን።" እራት፣ ቁርስ፣ ምሳ።

ጄኔራሉ፦ እኔ ቆርኪ ነኝ እንዴ?

አብሳዩ፦ ቆርኪማ አይርበውም።

[ጄኔራሉ ደብተሩን ቀምቶ ያነባል። ደግሞ ያነባል። ጠረጴዛው መሄዱ ገብቶታል። ግን ፊቱ ቀስ በቀስ ይፈካል።]

ጄኔራሉ፦ ቆይ ቆይ። ጨዋታው አለቀ ማለት ነው? በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ? ሕጌ ሠራ ማለት ነዋ።

አብሳዩ፦ አሳምሮ ሠርቷል ጋሼ። ይቀመጡ።

ጄኔራሉ፦ [ተቀምጦ ሳህኑን ይዘረጋል።] በል ሞላ አድርገው፣ በረሃብ ሞቻለሁ።

[አብሳዩ ጭልፋውን ያስቀምጥና ትንሿን ማንኪያ ያነሳል።]

ጄኔራሉ፦ ምንድን ነው እሱ?

አብሳዩ፦ ገጽ አርባ ሁለት። ምርኮኛ፣ ግማሽ ማንኪያ። እንዲያውም በዛብዎት።